መሰላልን ከዛፍ ጋር ለማሰር፦ ጥርሳም ዘለበት፣ ራቼት ወይስ ገመድ?

ጥቅምትና ኅዳር በጎጃም የማር ቆረጣ ጊዜ ነው። ቀፎው ዋንዛ ወይም ብሳና ላይ ከተሰቀለ መሰላል ይቆማል፣ ከግንዱ ጋር ይታሰራል፣ ሰው ይወጣል። ያውም ብዙ ጊዜ በጨለማ። ቅርንጫፉን ሁሉም አይቶ ይወጣል። መሰላሉንም ነቅነቅ ያደርጋል። ማሰሪያውን፣ በተለይ ዘለበቱን፣ ልብ የሚለው ግን ጥቂት ነው። ይህን የምጽፈው ለዘንድሮው ሥራ ማሰሪያ ልትገዙ ላሰባችሁ ነው።

የምናወዳድረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ጥርሳም ዘለበት ያለው ጠፍጣፋ ማሰሪያ ነው፤ ካም የሚባለው፣ ጫፉን ስትስቡት የሚነክሰው። ሁለተኛው ራቼት ነው፤ የጭነት መኪና ሰዎች ዕቃ የሚወጥሩበት፣ እጀታው እየተንቀጫቀጨ የሚያጠብቀው። ሦስተኛው የምናውቀው ገመድ ነው።

ከጥርሳሙ ልጀምር፤ ብዙ ችግር ያለው እሱ ጋ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በስፕሪንግ የሚገፋ ጥርስ ጨርቁን ከብረቱ ጋር አጣብቆ ይይዛል። ፈጣን ነው፣ ቀላል ነው፣ በአንድ እጅ ይፈታል። ችግሩም እዚያው ነው። በአንድ እጅ የሚፈታ ነገር ሳይታሰብም ሊፈታ ይችላል። ዘለበቱ ግንዱ ላይ ፊት ለፊት ከተቀመጠና መጫኛው ምላስ ጉጥ ላይ ካረፈ፣ ክብደት ሲመጣ ዛፉ ራሱ ምላሱን ይጫነዋል። ጥርሱ ይለቃል። ስለዚህ ዘለበቱ ሁልጊዜ ምላሱን ምንም በማይነካበት ጎን ይዋል።

ሌላው መንሸራተት ነው። ጨርቁ ከረጠበ፣ ጭቃ ወይም ማር ከነካው፣ ወይም ለዘለበቱ ከሚገባው በላይ ከሳሳ ጥርሱ በደንብ አይነክስም። ደግሞ አንዳንዴ በአንድ ጊዜ አይለቅም፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ትንሽ ይለቃል። ይሄ ከሁሉም የከፋ ነው፣ ምክንያቱም አይታይም። መድኃኒቱ ግን ምንም ወጪ የለውም። ካጠበቃችሁ በኋላ የተረፈውን ጫፍ ከዘለበቱ ሥር አስጠግታችሁ ቋጥሩት። ጥርሱ ቢለቅ ቋጠሮው ዘለበቱ ላይ ደርሶ ይቆማል።

አሜሪካ ውስጥ በወገብ ቀበቶ ከዛፍ ላይ ተንጠልጥለው አጋዘን የሚጠብቁ አዳኞች አሉ። ግንዱ ላይ ደረጃ በደረጃ የሚያስሯቸው አጫጭር መወጣጫዎች ብዙ ጊዜ የሚያዙት በዚሁ ዘለበት ነው። ከእነሱም ብዙዎቹ ዘለበቱን ትተው ቀጭንና በጣም ጠንካራ ሰው ሠራሽ ገመድ ወደ መጠቀም ዞረዋል። ገመዱን ግንዱ ላይ አዙረው መወጣጫው ላይ ይጠመጥሙታል። ጥርስ የለ፣ ስፕሪንግ የለ።

ራቼት በመያዝ ይበልጣል። አንዴ ከተወጠረና እጀታው ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ ወደ ኋላ አይልም። ለረጅም መሰላል፣ ቀኑን ሙሉ ለሚቆም፣ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ግን ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ ጨርቁ ማዞሪያው ላይ ቢያንስ ሁለት ሦስት ዙር መጠምጠም አለበት። ግማሽ ዙር ብቻ ከሆነ ሾልኮ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ጉልበቱ ብዙ ነው። የቀርከሃ ወይም የቀጭን ባሕር ዛፍ መሰላል ላይ ከልክ በላይ ከወጠራችሁት ቋሚውን ይሰነጥቃል። ስንጥቁ ደግሞ ወዲያው ላይታይ ይችላል። የክረምት እርጥበት ጥርሱንና ስፕሪንጉን ያዝገዋል፤ የዛገ ራቼት ገመድ ያህል አያስተማምንም።

ገመድ ርካሽ ነው፣ የተበላሸበት ቦታ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይዳሰሳል። ቋጠሮ ለሚያውቅ ሰው ዛሬም ጥሩ ምርጫ ነው። የቃጫ ገመድ እርጥበት ያበሰብሰዋል። ርካሹን የፕላስቲክ ገመድ ፀሐይ ትጨርሰዋለች፤ ስታሹት እንደ ዱቄት ከረገፈ ጣሉት። ናይለን ጠንካራ ነው፤ ግን ይለጠጣል፣ ሲረጥብ ይብሳል። ማታ የወጠራችሁት ጠል ከመታው በኋላ ላልቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። በዚያ ላይ ልስልስ ስለሆነ ቋጠሮው ይሸሻል።

ጨርቁ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ፖሊስተር ብዙም አይለጠጥም፣ ውኃ ብዙም አይጠጣም፣ ፀሐይንም ከናይለን ይሻላል። በአውሮፓ ደረጃ የተሠራ የጭነት ማሰሪያ ከሆነ በመለያው ቀለም ትለዩታላችሁ፦ ሰማያዊ ፖሊስተር፣ አረንጓዴ ናይለን፣ ቡናማ ፖሊፕሮፒሊን። ሰማያዊውን ውሰዱ። መለያ የሌለውን ባለሱቁ ምንም ቢምል ተዉት። ቁጥሩንም በደንብ አንብቡ። አንዳንዱ የሚጽፈው የሚበጠስበትን ክብደት ነው። አሜሪካኖቹ ለጭነት የሚፈቅዱት የዚያን አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው፤ 600 ኪሎ ላይ የሚበጠስ ማሰሪያ 200 ኪሎ ብቻ ነው የሚሸከምላችሁ ማለት ነው።

ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ዘለበቱን ክፈቱት፣ ዝጉት። ምላሱ ፈጥኖ ካልተመለሰ ስፕሪንጉ ደካማ ነው። የጨርቁና የዘለበቱ ስፋት አንድ መሆኑን እዩ። 25 ሚሊ ሜትር ዘለበት ውስጥ ጠበብ ያለ ጨርቅ ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል፤ ጥርሱ በግማሹ ብቻ ይነክሳል። ስፌቱን ጎትቱት። የፕላስቲክ ዘለበት ለቦርሳ ነው፤ እዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ የለውም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይለያል። ከላይ ያልኳቸው ሁሉ መሰላልን የሚይዙ ናቸው። ሰውን አይደለም። የጭነት ማሰሪያ ወገብ ላይ አስሮ መውጣት አደገኛ ነው። ሰው ሲወድቅ የሚመጣው ጉልበት ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ነው። ደረጃውን የጠበቀ የድንጋጤ መምጠጫ (ሰው ሲወድቅ ጉልበቱን የሚያለዝበው የቤልት ማያያዣ) እንኳ ጉልበቱን የሚገድበው እስከ 6 ኪሎ ኒውተን ነው፤ ወደ 600 ኪሎ ገደማ ክብደት መሆኑ ነው። ያለ መምጠጫ ከዚያም ይበልጣል። ለራሳችሁ የግንባታ ሠራተኛ የሚለብሰውን ሙሉ ሴፍቲ ቤልት ግዙ፤ ኢኤን 361 (EN 361፣ የአውሮፓ ደረጃ ቁጥር ነው) የሚል ጽሑፍ ፈልጉበት። ኢኤን 358 የሚለው የወገብ ቀበቶ ለመደገፍ እንጂ መውደቅን ለመያዝ አልተሠራም። በጀታችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ቤልቱን ግዙ፣ መሰላሉን በደህና ገመድ እሰሩ።

የዛፉም ነገር አለ። የዋንዛ ግንድ ሻካራ ስለሆነ ማሰሪያ ይይዛል። ባሕር ዛፍ ግን ቅርፊቱን ይጥላል። በላላ ቅርፊት ላይ የተወጠረ ራቼት የያዘው ቅርፊቱን እንጂ ግንዱን አይደለም፤ ቅርፊቱ ሲላጥ ማሰሪያውም አብሮ ይወርዳል። መጀመሪያ የላላውን ላጡ፣ ከዚያ እሰሩ።

ከመውጣታችሁ በፊት የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቁሙና ሙሉ ክብደታችሁን ጥላችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ዝለሉበት። የሚንሸራተት ዘለበት መሬት አጠገብ ይንሸራተት። ማሰሪያውን ከዛፉ ላይ ትታችሁት አትክረሙ፤ ፀሐይና ዝናብ ይበላዋል፣ ግንዱም እየወፈረ ይወጥረዋል። ማር ከነካው በለብ ያለ ውኃ እጠቡት፣ ጥላ ውስጥ አድርቁት። የእነዚያ የአዳኞች መውጫ አምራቾች ማሰሪያ በየ2 ዓመቱ ይቀየር ይላሉ። የገዛችሁበትን ዓመት በማይለቅ ቀለም ጫፉ ላይ ጻፉበት።