ሮዝ መብራት፣ ጥቁር በሶብላ

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማችን መስኮቱ ወደ ሰሜን ነው። ብርዱ ሲገባ በሶብላዬ በየዓመቱ ይሞትብኛል። ዘንድሮ እጅ አልሰጥም አልኩና በ32 ዶላር የተክል መብራት በኦንላይን አዘዝኩ።

ካርቶኑ ላይ «ሙሉ ስፔክትረም» ይላል፤ እንደ ፀሐይ ሁሉም ቀለም አለው ማለት ነው። ሲበራ ግን ሳሎኑ ናይት ክለብ መሰለ። ያሉት አምፖሎች ቀይና ሰማያዊ ብቻ ናቸው። ባለቤቴ «ይሄ ነገር ፖሊስ ያመጣብናል» አለች።

አገር ቤት ስምንት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ፤ የፋብሪካው ሂሳብ ገብቶኛል። ክሎሮፊል፣ ማለትም የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም፣ በደንብ የሚውጠው ሰማያዊና ቀይ ብርሃን ነው፤ የሞገድ ርዝመታቸው 430 እና 660 ናኖሜትር አካባቢ። ከአረንጓዴው የተወሰነውን ይመልሰዋል፤ ቅጠል አረንጓዴ የሚመስለን ለዚህ ነው። ታዲያ በዚህ መብራት ሥር በሶብላው ጥቁር ነው። ቀዩንና ሰማያዊውን ዋጠ፣ የሚመልሰው አረንጓዴ የለም። ያኔ ይህን መብራት ባገኝ ኖሮ ያን ሁሉ ጠመኔ አልጨርስም ነበር።

ማሳደጉን ያሳድጋል፣ አልዋሽም። ግንዱ አጠር ደንደን ብሎ ወጣ፤ ነካ ሲያደርጉት ሽታው ቤቱን ይሞላል።

ጉዱ የመጣው በኋላ ነው። የተከልኩበትን የዘይት ጀሪካን ላጥብ መታጠቢያ ቤት ወሰድኩት። በነጩ መብራት ሳየው ክው አልኩ። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ፣ ደም ሥራቸው ብቻ አረንጓዴ! ማግኒዥየም አንሶታል። እያንዳንዱ የክሎሮፊል ሞለኪውል መሃሉ ላይ አንድ የማግኒዥየም አቶም አለው። እጥረት ሲመጣ ተክሉ ካረጀው ቅጠል እየነቀለ ለለጋው ያቀብላል። ቢጫውም እንግዳ አይደለም፤ ድሮም እዚያው የነበረ ካሮቲኖይድ የሚባል ቀለም ነው፣ አረንጓዴው ሲሳሳ ብቅ ይላል። ደጃችን ያለው ዛፍ በጥቅምት ቢጫ የሚሆነውም እንዲሁ ነው። በሮዙ ብርሃን ግን ይህ ሁሉ ለዓይኔ ጥቁርና ሐምራዊ ነበር። ሳምንታት አለፉኝ።

ማግኒዥየም ያለበትን ኤፕሰም ጨው በጥብጬ አጠጣሁት፤ አዲሶቹ ቅጠሎች አማረባቸው። ሻጩ ግን «የመመለሻ ቀኑ አልፏል» አለኝ።

አሁን ነጭ ኤልኢዲ ሰቅያለሁ። አረንጓዴው ብርሃን ባክኖ አይቀርም። ቀዩና ሰማያዊው ላይኛው የቅጠል ሽፋን ላይ ሲያልቁ፣ እሱ ጠልቆ ገብቶ የታችኞቹ ሴሎችም በብርሃን አስተጻምሮ ምግብ እንዲሠሩ ያደርጋል። ደግሞ በሽታውን አየዋለሁ።

ለሮዙ መብራት ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቻለሁ፤ ለግንዱ ስል። ሮዙን ልጄ ለልደቷ ዳንስ ወስዳዋለች።