ከጋሪውም ከአልጋውም በፊት ይሄን ግዙ፦ የክንድ ግፊት መለኪያ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ዕቃ ነው። ክንድ ላይ የሚታሰር፣ ቤት ውስጥ ራሳችን የምንለካበት የደም ግፊት ማሽን። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ሳለሁ ሰፈር ካለ ፋርማሲ ገዛሁት። በእርግዝናም በአራስነትም ተጠቅሜበታለሁ። አሁን እርጉዝ የሆነች ጓደኛ ምን ልግዛ ብላ ስትጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠራላት እሱን ነው።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር እናት በወሊድ ምክንያት የመሞት ዕድሏ ከነጭ እናት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በ2023 በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር የሞቱት ጥቁር እናቶች 50.3 ነበሩ። ነጮቹ 14.5። ሕፃናቱ ላይም ልዩነቱ አለ። በ2022 ከ1,000 ጥቁር ሕፃናት ወደ 11 የሚጠጉት የመጀመሪያ ልደታቸውን ሳያዩ ሞተዋል፤ ከነጮቹ 4.5። ይሄ የሚሆነው ለሕክምና ከማንም በላይ ገንዘብ በሚያወጣ አገር ነው።

እኛ ሐበሾች ይሄን ስንሰማ «ይሄማ እኛን አይመለከትም» ማለት ይቀናናል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቆመን ስናወራ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። እኛ በጤና ነው ያደግነው፣ እኛ ሌላ ነን ይባላል። ሐኪም ቤት ስትገቡ ግን በፎርሙ ላይ የተጻፈው ጥቁር የሚል ነው። ክፍሉ ውስጥ የምትገባው ነርስም የምታየው ጥቁር ሴት ነው። በ2021 የታተመ የቦስተን ጥናት አለ፤ ስለ ፕሪኤክላምፕሲያ ነው፣ ያ በእርግዝና የሚመጣው አደገኛ ግፊት። ከውጭ የመጡ ጥቁር እናቶች እዚህ ከተወለዱት ይልቅ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እዚህ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የኖሩት ግን ከተወላጆቹ ብዙም አልተለዩም። እኔ ይሄን ሳነብ ደነገጥኩ። እዚህ አገር ከመጣሁ አሥር ዓመት አልፎኛል። በደማችን ያለ ነገር ቢሆን ኖሮ ገና ስንመጣ ጀምሮ እኩል በሆንን ነበር።

ትምህርትም አያድንም። የአሜሪካ መንግሥት የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በ2019 ባወጣው ሪፖርት ኮሌጅ የጨረሱ ጥቁር እናቶች ሞት ኮሌጅ ከጨረሱ ነጮች 5.2 እጥፍ ነበር። ጉልበትም አያድንም። የ2016ቱን የሪዮ ኦሊምፒክ ታስታውሳላችሁ፣ አልማዝ አያና 10,000 ሜትሩን በዓለም ክብረ ወሰን ያሸነፈችበትን። በዚያው ኦሊምፒክ በሴቶች 4 በ100 ዱላ ቅብብል ወርቅ ያገኙት አራቱም የአሜሪካ ሯጮች ጥቁሮች ነበሩ። ከአራቱ ሦስቱ በእርግዝናቸው ከባድ አደጋ ገጠማቸው። አሊሰን ፌሊክስ በ2018 በፕሪኤክላምፕሲያ ምክንያት በ32ኛ ሳምንቷ በድንገተኛ ኦፕራሲዮን ወለደች። ቶሪ ቦዊ በ2023 የስምንት ወር እርጉዝ ሆና ቤቷ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ዕድሜዋ 32 ነበር። በዓለም ፈጣን ከሚባሉት ሴቶች አንዷ ነበረች።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። ብራንዱን ንገሪን ለምትሉኝ፣ ከስሙ በፊት አንድ ነገር እዩ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በትክክል መለካታቸው የተፈተነ ማሽኖችን ዝርዝር ያወጣል። ኢንተርኔት ላይ ቫሊዴት ቢፒ (Validate BP) ብላችሁ ብትፈልጉ ታገኙታላችሁ። እዚያ ውስጥ ያለ፣ የክንድ የሆነ፣ ይበቃል። በእርጉዝ ሴቶች ላይም የተፈተነ ከሆነ ደግሞ ይመረጣል። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን እኔ አልመክርም። እጃችሁን ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ስታደርጉ ቁጥሩ ይቀየራል።

ዋናው የማሰሪያው ልክ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የክንዳችሁን ውፍረት በሜትር ለኩ፣ በትከሻና በክርን መሃል ላይ። ማሰሪያው ከጠበባችሁ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ከሰፋችሁ ዝቅ አድርጎ። ለቀጭን ሴት ሰፊ ማሰሪያ አደገኛ ነው፤ ግፊት እያለባት ደህና ነሽ ይላታል። የኔ ማሰሪያ ከ22 እስከ 42 ሴንቲ ሜትር ስለሚይዝ ለኔም ለባለቤቴም ሆኗል።

አለካኩ ቀላል ነው፣ አራስ ቤት ውስጥ ግን ጸጥታ ማግኘት ነው ከባዱ። ጀርባን ደግፎ፣ እግርን ሳያነባብሩ መሬት ላይ አድርጎ፣ ክንድን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል። እየተለኩ ማውራትም አይቻልም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል እንግዳ ሳሎን ሞልቶ ይሄ አይሆንም። ስለዚህ ጠዋት ሰው ሳይመጣ፣ ማታ ሰው ከሄደ በኋላ እለካ ነበር። በጋቢ ወይም በሹራብ ላይ አትሰሩት፣ ክንዱ ባዶ ይሁን። ቡና ከጠጣችሁ ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይለፈው። ሁለት ጊዜ፣ በመሃል አንድ ደቂቃ እያረፋችሁ ለኩ።

አሁን ማሽኑ ምን እንዳደረገልኝ ልንገራችሁ። ከወለድኩ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሳምንት ራሴን ያመኝ ጀመር። በእርግዝናዬ ግፊቴ ደህና ነበር። እናቴ ልታርሰኝ ከደሴ መጥታ ነበር፤ ምች ነው ብላ ይዛው ከመጣችው ደረቅ ዳማከሴ አፍልታ አጠነችኝ። እሷ የምታውቀውን ሁሉ አደረገችልኝ፣ ውለታዋን አልረሳም። ራስ ምታቱ ግን አለቀቀኝም። የወለድኩበት ሐኪም ቤት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ነርስ ስንት ሰዓት እንደተኛሁ ጠየቀችኝ። አራስ ሁሉ ይደክመዋል፣ ውሃ ጠጪና ታይለኖል፣ የሕመም ማስታገሻውን፣ ውሰጂ አለችኝ። ግፊትሽ ስንት ነው ብላ አልጠየቀችኝም። የወለድኩበትን ቀን ነግሬያታለሁ፤ እሱም ለሷ ምንም አላስታወሳትም።

ለካሁ። 164 በ108። ደቂቃ ቆይቼ ደገምኩ። 166 በ110።

መልሼ ደወልኩና በዚህ ጊዜ ስለ ራስ ምታቱ ሳላወራ ቁጥሩን ብቻ ተናገርኩ። የነርሷ ድምፅ ወዲያው ተለወጠ። አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነይ አለችኝ። ያው እኔ ነኝ፣ ያው ሕመም ነው። በራሴ ቃል ስናገር ድካም የተባለው በቁጥር ስናገር በሽታ ሆነ። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል። አንዲት ሴት ራሴን አመመኝ ስትል መታመን አለባት እንጂ ማስረጃ ይዛ መቅረብ አልነበረባትም። እስከዚያው ግን ማስረጃውን ያዙ ነው የምለው።

ድንገተኛ ክፍል ስገባ መጀመሪያ ያልኩት በዚህ ሳምንት ነው የወለድኩት የሚል ነበር። ይሄን ዓረፍተ ነገር ያዙት። እስከ አንድ ዓመት ድረስ የትም ሕክምና ብትሄዱ ወልጄ ነበር በሉ። ማግኒዥየም በደም ሥሬ ተሰጠኝ። ሰውነትን እንደ እሳት ያግላል፣ እግር ይከብዳል፣ ግን ግፊቱ ከሚያመጣው መንቀጥቀጥ የሚከላከለው እሱ ነው። የግፊት መድኃኒትም ጀመርኩ። እናቴና ባለቤቴ ሕፃኑን ይዘው ተመላለሱ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ፕሪኤክላምፕሲያ ነው ተባልኩ።

ልጁ ከወጣ አደጋው አለፈ የሚለው አባባል እውነት አይደለም። በ2017 እና 2019 መካከል ሲዲሲ ከመረመራቸው የእናቶች ሞቶች ከግማሽ በላይ፣ 53 በመቶው፣ የደረሱት ከወሊድ አንድ ሳምንት በኋላ እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ከሁሉም ሞቶች ደግሞ ከ80 በመቶ በላዩን ማዳን ይቻል ነበር። ስለዚህ እነዚህን ቁጥሮች ፍሪጅ ላይ ለጥፉ። 140 በ90 ከደረሰ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይደወላል። ከላይ 160 ወይም ከታች 110 ከደረሰ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ብልጭ ብልጭ ማለት ወይም መጋረድ፣ ከጎድን አጥንት ሥር በቀኝ በኩል ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር ካለ ቁጥሩ ደህና ቢሆንም ዝም አትበሉ። እርጉዝ የሆናችሁ ደግሞ ፕሪኤክላምፕሲያን ለመከላከል ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ስለሚወሰደው 81 ሚሊ ግራም አስፕሪን ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ሳትጠይቁ አትጀምሩ። በ2021 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ ጥቁር መሆንን ከሚያስጠይቁት ነገሮች አንዱ አድርጎ ጽፎታል፤ ምክንያቱ ዘረኝነት የሚያደርሰው ጫና እንጂ ተፈጥሮ እንዳልሆነም ይናገራል።

ማሽኑ የማልወድለት ነገርም አለ። ሲነፋ ክንድን ያማል፣ ድምፁም ሕፃን ይቀሰቅሳል። የስልክ መተግበሪያው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ለእናቴ በወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፌ ነው ያስረዳኋት። ከሁሉ በላይ ማስጠንቀቂያው ለተራ ሰው የተሠራ ነው። 135 ሲሆንም 165 ሲሆንም የሚያበራው ምልክት አንድ ዓይነት ነው። ለንደን ውስጥ ኪንግስ ኮሌጅ ያሉ ተመራማሪዎች ለእርጉዝ ሴቶች ያዘጋጁት ማሽን አለ፤ እንደ ትራፊክ መብራት አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ያበራል። ከተሞከረባቸው ከተሞች አንዷ አዲስ አበባ ናት። እንግሊዝኛ የማታነብ እናትም ቀዩን ታውቃለች። እዚህ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ እንዲህ ዓይነት አላየሁም፣ ሊኖር ይገባ ነበር።

ብዙዎቻችሁ ከኮቪድ ጊዜ ጀምሮ ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ ቤታችሁ አለ። እሱን ከዚህ ጋር አንድ አድርጋችሁ አትዩት። የክንዱ ማሽን የሚለካው በግፊት ስለሆነ የቆዳ ቀለም አይነካውም። የጣቱ ግን ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ ነው የሚለካው። በ2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እንዳሳዩት፣ ማሽኑ ከ92 እስከ 96 በመቶ ሲያሳይ፣ ከጥቁር ሕመምተኞች በ11.7 በመቶው ትክክለኛው ኦክስጅን ከ88 በታች ነበር። በነጮቹ ይህ የሆነው በ3.6 በመቶ ብቻ ነው። አራስ ሆናችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ጣታችሁ ላይ 95 አይታችሁ አትተኙ። የደም መርጋት ሳንባ ሊዘጋ ይችላል። የቴኒስ ተጫዋቿ ሴሬና ዊሊያምስ በ2017 ስትወልድ የደረሰባት ይሄ ነው። ቀድሞም የደም መርጋት ስለነበረባት ራሷ አውቃ ምርመራውን ጠየቀች፤ ነርሷ መጀመሪያ ማስታገሻው ነው ያደናገራት ብላ አስባ ነበር። ሴሬና አጥብቃ ባትናገር ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ያስፈራኛል።

ዋጋው ከ40 እስከ 80 ዶላር ነው። ሥራችሁ የጤና ቁጠባ ሒሳብ ካለው በዚያ መክፈል ይቻላል። ሜዲኬድ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን፣ ያላችሁ ማሽኑን ያዙልኝ ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሜሪላንድ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ወረቀት ለሌላቸው እርጉዝ እናቶችም ሜዲኬድ ትሰጣለች፤ ፈርታችሁ ቤት አትቀመጡ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ደግሞ የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ በሉ። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ።

ማሽኑን ከጓደኛ የምትዋሱ ከሆነ የሷን መዝገብ አጥፉት፣ ቀንና ሰዓቱን አስተካክሉ፣ ማሰሪያው ለክንዳችሁ ልክ መሆኑን እዩ። ለሚቀጥለው ቀጠሮም ይዛችሁት ሂዱና ከክሊኒኩ መለኪያ ጋር አስተያዩት።