ኢኢጂ፣ ኤምአርአይ ወይስ ኤፍኒርስ? የአንጎል ምርምር መሣሪያ ለሚገዙ

ጥያቄያችሁ አንድ ነገር በአንጎል ውስጥ «መቼ ሆነ?» የሚል ከሆነ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበውን ኢኢጂ ግዙ፤ «የት ሆነ?» የሚል ከሆነ በማግኔት ምስል የሚያነሣውን ኤምአርአይ ተከራዩ እንጂ አትግዙ። የአንጎል ምርምር ቤተ ሙከራ ለመክፈት ለሚያስብ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል የምሰጠው ምክር በአጭሩ ይህ ነው።

ኢኢጂ ከሦስቱ አንጋፋው ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር የሰውን የአንጎል ሞገድ በዬና ከተማ የመዘገበው በ1924 እ.ኤ.አ. ነበር። ኮፍያው ላይ የተደረደሩት ኤሌክትሮዶች፣ የነርቭ ሕዋሳት በብዛት አብረው ሲሠሩ የሚፈጥሩትን እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ ያነባሉ። ሰው አንድ ቃል ሰምቶ እስኪረዳው ድረስ በአንጎሉ የሚሆነውን በሺኛ ሰከንድ እየለኩ ይከተላሉ። ምልክቱ ከየት እንደ ተነሣ ለማወቅ ግን አይመቹም፤ የራስ ቅል ስለሚያደበዝዘው ስሕተቱ በሴንቲሜትር ይቆጠራል።

ሻጮች የማያነሡት ነገር ፀጉር ነው። የተለመደው ኮፍያ ለቀጥ ያለ ፀጉር የተሠራ በመሆኑ ጥቅጥቅ ባለ ከርዳዳ ፀጉር ላይ ኤሌክትሮዱ ከቆዳ ይርቃል፤ ምልክቱም ይበላሻል። በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዚህ መላ አግኝተዋል፦ ሹሩባው ኤሌክትሮዶቹ የሚያርፉበትን መስመር ገልጦ እንዲሠራ ያደርጋሉ፣ ከዚያም በጉንጉኖቹ መካከል የሚጣበቅ መያዣ ይጠቀማሉ። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ላይ የሚገዛ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት መሣሪያው ሹሩባ በተሠራች ሴት ላይ እንዲሞከርለት ይጠይቅ። ተሳታፊዎቹን ግማሽ በግማሽ የሚያስቀር ኮፍያ በርካሽ ቢገኝም ውድ ነው።

የኤሌክትሮዱ ብዛት አያስጎምጃችሁ። ለማስተማርና ለአብዛኛው ጥናት 32 ይበቃል። በአንጻሩ አራት ኤሌክትሮድ ያለውን የግንባር ቀበቶ «ሐሳብ ያነብባል» ብሎ ለሚሸጥላችሁ ሰው ጆሮ አትስጡ፤ ከአንጎል ሞገድ ይልቅ የዓይን ጥቅሻ ጎልቶ የሚመዘገበው ግንባር ላይ ነው።

ወደ ኤምአርአይ እንምጣ። አንጎል ሲሠራ በሚያሳየው የኤምአርአይ ዘዴ፣ በኤፍኤምአርአይ፣ የሚለካው በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን ለውጥ ነው፤ መሠረቱን ጃፓናዊው ሴይጂ ኦጋዋ በ1990 እ.ኤ.አ. አሳየ። ቦታን በሁለትና በሦስት ሚሊ ሜትር ይለያል፤ የደሙ ለውጥ ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚደርሰው ግን ከአምስት እስከ ስድስት ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ባለ 3 ቴስላው (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ማሽን በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ዋጋ አለው። ማግኔቱ በፈሳሽ ሄሊየም 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች መቆየት አለበት፤ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ይቆማል፣ ሄሊየሙም መትነን ይጀምራል። ስለዚህ ማሽኑ ካለው ሆስፒታል የማታ ሰዓት መከራየት ይሻላል፤ የተረፈውን ገንዘብ ለስታቲስቲክስ ባለሙያ አውሉት። በ2009 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የሞተ ሳልሞን ዓሣ ማሽኑ ውስጥ አስገብተው፣ ስሌቱ በትክክል ካልታረመ የሞተው ዓሣም «የሚያስብ» እንደሚመስል አሳይተዋል።

ኤፍኒርስ ያንኑ የደም ኦክስጅን በብርሃን ይለካል። ጥልቀቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ሆኖም በቦርሳ ይያዛል፣ እንቅስቃሴንም ከሁለቱ ይልቅ ይችላል፤ በጋምቢያ ገጠር የሕፃናት አንጎል የተጠናው በዚሁ ነው። ጥናታችሁ በጨቅላዎች ላይ ከሆነ ከኢኢጂም አስቀድሙት። ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ብርሃኑን ስለሚውጠው ግን እዚህም ሙከራው አይቀርም።

ጨረራማ ንጥረ ነገር ተወግቶ አንጎል የሚታይበትን ፔትን እለፉት፤ ንጥረ ነገሩ በአቅራቢያ መመረት አለበት፣ የተለመደው ፍሎሪን 18 በ110 ደቂቃ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳልና።

ኢኢጂ ገዝታችሁ ገንዘብ ከተረፈ ትርፍ ኮፍያና በቂ ጄል ያዙ። ለመተንተኛ ፕሮግራም አትክፈሉ፤ በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ የሚሠራው ኤምኤንኢ በነጻ ይገኛል። ኢኢጂላብም ነጻ ነው፤ የሚሠራበት ማትላብ ግን ፈቃዱ ይገዛል።