ፖሊ በር ላይ ላለችው ባለ ኮፒ ቤት እህታችን

ይሄን ጽሁፍ ጽፌ ከጨረስኩ ሳምንት አልፎኛል። ሳልለጥፈው የቆየሁት ራሷን ላስፈቅድ ብዬ ነው። ፈቀደች፤ ግን «ስሜንም ስልኬንም እንዳታወጪ፣ ያለው ሰልፍ ይበቃኛል» አለች። ስለዚህ ስሟን አልጽፍም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የተማራችሁ ግን ገና ርዕሱን ስታዩ ማንን እንደምል ገብቷችኋል። እኛ እታለም ነው የምንላት።

እታለም ፎቶ ኮፒ ታደርጋለች፣ ትተይባለች፣ ትጠርዛለች። ሰሌዳዋ ላይ የተጻፈው ይሄው ነው። ኢንተርንሺፕ ልትወጡ የተዘጋጃችሁ፣ ወይም ተመርቃችሁ ሲቪ ይዛችሁ የምትዞሩ ልጆች ካላችሁ ግን እኔ የምጠቁማችሁ ሰሌዳው ላይ ያልተጻፈውን ነው።

የተማርኩት ሲቪል ምህንድስና ነው። አራተኛ ዓመት ላይ ለኢንተርንሺፕ አንድ ተቋራጭ ጋ ተመደብኩ። ስሙን ልተወው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቢሮ ውስጥ ቁጭ። አንዳንዴ ፋይል አድርሺ እባላለሁ፣ አንዳንዴ ሻይ እዘዢ። ሳይት ልውጣ ስል «ትርፍ ሄልሜት የለም» ተባልኩ። የዕለት ሥራዬ የሚመዘገብበትን ሎግ ቡክ የሚፈርምልኝ ሰውዬ የስድስት ሳምንቱን በአንድ ቀን፣ ያውም ስልክ እያወራ ፈረመልኝ።

እውነቱን ልናገር አይደል? ብዙም አልከፋኝም። የሚያስጨንቀኝ የመውጫ ፈተናው ነበር። ከ2015 ጀምሮ ከመቶ 50 ካላመጣችሁ ዲግሪ የለም። ኢንተርንሺፕ በኔ ዓይን እረፍት ነበር። ከአንድ ሲኒየር ሪፖርት ለመንኩ፣ ሽፋኑን ቀየርኩ፣ ስሜን አስገባሁ፣ በፍላሽ ይዤ እታለም ጋ ሄድኩ። ኢንተርንሺፑ ሊያልቅ ገና አንድ ወር ይቀረዋል!

ፋይሉን ከፈተችው። ጥቂት ገጽ ወደ ታች ወረደች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«ሕንጻው ስንት ፎቅ ነው?»

«ጂ ፕላስ ፎር።»

«እዚህ ገጽ 23 ላይ ጂ ፕላስ ሰቨን ይላል። ሦስቱን ፎቅ ከየት አመጣሽው?»

ኮፒ ቤቱ ሙሉ ነበር። ከኋላዬ የሳቀውን ልጅ ድምፅ እስካሁን አልረሳውም። እታለም ግን አልሳቀችም። «ይሄን ካቻምና የተየብኩት እኔ ነኝ። አምናም በሌላ ልጅ ስም መጥቶ ነበር» አለችና ፍላሼን ነቅላ መለሰችልኝ። ከዚያ ማተሚያው ያበላሸውን አንድ ወረቀት ገልብጣ ሦስት ጥያቄ ጻፈችበት። በዚህ ሳምንት ስንት ሜትር ኩብ አርማታ ተሞላ? ማን ለካው? ምን ተበላሸ? «ነገ ሂጂና ጠይቂ። ኢንጂነሩን ሳይሆን ፎርማኑን።»

እታለም ኢንጂነር አይደለችም። ግን ስንት ዓመት የኛን ሪፖርት ስትተይብ ኖራ፣ የትኛው ልጅ ሳይት እንደረገጠ፣ የትኛው እንዳልረገጠ ከአንድ ገጽ ትለያለች።

በማግስቱ ሄልሜት ተውሼ ሄድኩ። ፎርማኑ ጎልማሳነትን ያለፉ ሰው ናቸው። ጥያቄዎቹን ሳነብላቸው «እስካሁን የት ነበርሽ?» ብለው ሳቁ። ቀሪውን አንድ ወር ከጎናቸው አልጠፋሁም። የኮለን ስታፋ (የዓምዱን ብረት ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት) በየ15 ሴንቲው ይታሰር ተብሎ በየ20 የታሰረበትን ቦታ በሜትር እየለካሁ ሳገኝ፣ ብረት አሳሪዎቹ ፌራዮዎች ለሁለት ቀን አኮረፉኝ።

ስላምፕን፣ እርጥብ አርማታ መቅጠን አለመቅጠኑ የሚለካበትን ሙከራ፣ ክፍል ውስጥ ተምረነዋል። 30 ሴንቲ ቁመት ያለው የብረት ሾጣጣ አለ። አርማታውን በሦስት ዙር ትሞሉታላችሁ፣ እያንዳንዱን ዙር 25 ጊዜ በዘንግ ትወቁታላችሁ፣ ከዚያ ሾጣጣውን አንስታችሁ አርማታው ስንት እንደወረደ ትለካላችሁ። ፈተና ላይ አንድም ሳልስት ጽፌዋለሁ። በእጄ ግን ነክቼው አላውቅም ነበር። አንድ ጠዋት ሚክሰሩ ላይ ያሉት ልጆች ሥራ እንዲቀላቸው ውሃ ጨመሩ። ስለካው 17 ሴንቲ ወረደ። ለዚያ ሥራ የተፈቀደው እስከ 10 ነበር። ፎርማኑ አንዴ አዩትና «ይደፋ» አሉ። ያ ሁሉ ሲሚንቶ! ውሃ የበዛበት አርማታ ለመሙላት ይቀላል፣ ሲደርቅ ግን አቅም የለውም። ለአራት ዓመት ደብተሬ ላይ የነበረ ነገር የገባኝ ሲደፋ ቆሜ ሳይ ነው።

ይሄን ሁሉ ሪፖርት አድርጌ ጽፌ እታለም ጋ ሄድኩ። ሁለቴ መለሰችኝ። በሦስተኛው ጠረዘችው።

ከተመረቅኩ በኋላ ደግሞ ሲቪ ይዤ መጣሁ። ሁለት ገጽ ነበር። «ሃርድ ወርከር፣ ቲም ፕሌየር» የሚለውን ገና ስታየው ሰረዘችው። «ዛሬ ብቻ ይሄን ዘጠኝ ጊዜ አትሜያለሁ» አለች። የጋብቻ ሁኔታዬን አወጣች፣ ሙዚቃ ማዳመጥ እንደምወድ የሚገልጸውንም አወጣች። በቦታው የሠራሁትን አስጻፈችኝ፦ የስላምፕ ልኬት፣ የአርማታ ጥንካሬ የሚፈተንበትን የኪዩብ ናሙና መውሰድ፣ የፌሮ ቁጥጥር። አንድ ገጽ ላይ አለቀ። ማጣቀሻ ብዬ የፎርማኑን ስልክ ሳስገባ «ጠይቀሻቸዋል?» አለችኝ። አልጠየቅኩም። እዚያው ቆሜ አስደወለችኝ። «ይደውሉ፣ ያየሁትን እናገራለሁ» አሉ እሳቸው። ብዙዎቻችን ሳናስፈቅድ የሰው ስልክ እንጽፋለን። ቀጣሪ ሲደውል ሰውየው «የትኛዋ ልጅ?» ቢል ማን ይጎዳል?

ማስታወቂያው ሁሉ ሁለት ዓመት ልምድ በሚልበት ጊዜ ዜሮ ዓመት የሚል አንድ አግኝቼ አመለከትኩ። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ጂፒኤዬ ማንም አልጠየቀኝም። ሲቪውን የያዘው ሰው «አርማታ አስመልሰሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «እኔ ለካሁ፣ ፎርማኑ አስደፉ» ብዬ ያን ጠዋት ነገርኩት። 17 ሴንቲውን ስጠራ ቀና ብሎ አየኝ።

የቅጥር ውሉንም ኮፒ ላደርግ ስሄድ ሳታነብ አልለቀቀችኝም። የሙከራ ጊዜ ስድስት ወር ይላል። «ሕጉ እንዲህ አይልም» ብላ ኮምፒውተሯ ላይ ያለውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከፈተችልኝ። ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ድርጅቱን ስጠይቅ ያለ ክርክር አስተካከሉት፤ ከድሮ ውል የተገለበጠ ነው አሉ። መገልበጥ የኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ልትሄዱ ካሰባችሁ ይሄን እወቁ። ለማረም አታስከፍልም፤ የምትከፍሉት ለህትመትና ለጥረዛ ነው። ፍላሻችሁ ቫይረስ ካለበት ትቆጣለች፤ ፋይሉን በቴሌግራም ላኩላት። አፏ መራር ነው፤ ለስላሳ ቃል የምትፈልጉ ሌላ ኮፒ ቤት ሞልቷል። ሰኔ ላይ ሰልፉ አስፋልት ይደርሳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቡና አፍልታ ሲቪያችሁን በእስክሪብቶ ታርማለች፤ ለኔ ከሁሉም የሚሻለው ሰዓት እሱ ነው። ወር በገባ በ21 ጠዋት አትሂዱ፣ ማርያም ናት።

የመጀመሪያ ደሞዜን ስቀበል አንድ ኪሎ ቡና ይዤላት ሄጄ ነበር። ተቀበለችኝ፣ መረቀችኝ፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ እያየች «የዘንድሮ ልጆች ያንቺን ሪፖርት ስማቸውን ለውጠው ይዘውልኝ መጡ» አለችኝ። «ሦስት ናቸው። ሦስቱንም መልሻቸዋለሁ።»