ኤሪክ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላይ ለሚያጠና ሰው ይሆናል ወይ? ሁለት አመት ተጠቅሜበት ያየሁት

ሰሞኑን ማስተርስ የጀመሩ ልጆች ጥናት ከየት ከየት ነው የምታገኘው እያሉ ስለሚጠይቁኝ አንዴ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። እኔ የምሰራው ከፍተኛ ትምህርት ላይ ነው፣ ማለትም መምህሩ እንዴት ያስተምራል፣ ተማሪው እዛ ግቢ ከገባ በኋላ እኔ ማን ነኝ ብሎ ያስባል፣ ከክላስ ውጪ ያለው ኑሮውስ ትምህርቱን ምን ያደርገዋል የሚለው ላይ። ለዚህ ስራ ላለፉት ሁለት አመታት በየቀኑ ማለት ይቻላል የምከፍተው ኤሪክን (ERIC) ነው።

ኤሪክን ለማታውቁት፣ በአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር ስር ያለ የትምህርት ሳይንስ ተቋም የሚያስተዳድረው የትምህርት ጥናቶች ማውጫ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ (እዚህ የምጠራው አመት ሁሉ እ.ኤ.አ ነው) ያለ ነገር ነው፣ በፊት በማይክሮፊሽ (ያቺ በማሽን አጉልተው የሚያነቧት ትንሽ ፊልም) እየተባዛ ላይብረሪ ለላይብረሪ ይላክ ነበር፣ አሁን ኢንተርኔት ላይ በነጻ ክፍት ነው። ከ1.5 ሚሊየን በላይ መዝገብ አለው፣ አካውንት ክፈቱ አይልም፣ ካርድ አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ መግባት ነው። ከሱ በፊት ስሙን የማልጠራው የሚከፈልበት አገልግሎት ነበር የምጠቀመው፣ በየወሩ እከፍላለሁ፣ እና «አይደንቲቲ» ብዬ ስፈልግ ስለ ፓስወርድና ስለ ኮምፒውተር ሎግኢን የተሰሩ ጥናቶች ሳይቀሩ ይዘረግፍልኝ ነበር፣ የተማሪ ማንነት ፈልጌ የኔትወርክ ሴኪዩሪቲ ሳነብ ያመሸሁበት ቀን አለ። ኤሪክ ውስጥ ያለው ሁሉም ትምህርት ስለሆነ ያ ጣጣ የለም።

ግን ልክ እንደገባችሁ አይመቻችሁም፣ ይሄን ከወዲሁ እወቁት። መጀመሪያ ቀን «ስቱደንት አይደንቲቲ» ብዬ ጻፍኩ፣ የመዋዕለ ሕጻናት ልጅም የነርሲንግ ተማሪም የመምህራን ስልጠናም አንድ ላይ ተደበላልቆ መጣ፣ ተስፋ ቆርጬ ልዘጋው ነበር። ከዛ አንዱን መዝገብ ስከፍት ከአብስትራክቱ (ከጥናቱ አጭር ማጠቃለያ) አጠገብ «ዲስክሪፕተር» የሚል ዝርዝር አየሁ። የኤሪክ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው ብዬ አምናለሁ። ጸሃፊው ርዕሱ ላይ ምንም ቃል ይጠቀም፣ ኤሪክ የራሱ የቃላት መዝገብ፣ ቴሶረስ የሚሉት፣ አለውና እያንዳንዱ ጥናት ከዛ መዝገብ በተወሰዱ ቃላት ይሰየማል። እኔ አይደንቲቲ የምለው ነገር እዛ ብዙ ጊዜ «ሴልፍ ኮንሰፕት» በሚለው፣ ማለትም ሰው ስለ ራሱ ያለው ግንዛቤ በሚለው ስር ነው ያለው፣ ሙያዊ ማንነት ከሆነ ደሞ «ፕሮፌሽናል አይደንቲቲ» የሚል ለብቻው አለ፣ ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ በመግባት የመጀመሪያ የሆነ ተማሪ የራሱ ቃል አለው፣ ግቢ ሳያድር እየተመላለሰ የሚማርም የራሱ አለው። ትክክለኛውን ዲስክሪፕተር ክሊክ አድርጋችሁ የትምህርት ደረጃውን «ሃየር ኤጁኬሽን» ስትሉት ያ ሁሉ ግርግር ይጠራል።

እና ከቃላቱ ጋ ስውል ስለ ራሱ ስለ ሙያው የገባኝ ነገር አለ። ተማሪ አቋርጦ ሲሄድ ምን ይባላል? አንደኛው ቃል «ድሮፕአውት» ነው፣ ወደቀ፣ ወጣ፣ የሚል፣ ጉዳዩ የልጁ የራሱ እንደሆነ አድርጎ። ሌላኛው «አካዳሚክ ፐርሲስተንስ» ነው፣ የሚጸናውን ልጅ ያያል፣ ግን አሁንም የሚያየው ልጁን ነው። ሶስተኛው ግን «ስኩል ሆልዲንግ ፓወር» ይላል፣ ተቋሙ ተማሪውን ይዞ የማቆየት አቅሙ ማለት ነው። ይሄን ሳይ በጣም ነው የተገረምኩት፣ ምክንያቱም ያው አንድ ልጅ ነው ሻንጣውን ይዞ የወጣው ግን ሶስተኛው ቃል ላይ ተጠያቂው ግቢው ሆነ! የኔን ቴሲስ ጥያቄ የቀየርኩት በዚህ ምክንያት ነው፣ «ተማሪዎች ለምን ያቋርጣሉ» የሚለውን ትቼ «ግቢው ምን ሲያደርግ ይቆያሉ» ወደሚለው ሄድኩ።

ከዛ ክሩን ይዛችሁ ወደኋላ ብትሄዱ ክርክሩን በሙሉ ታገኙታላችሁ። ቪንሰንት ቲንቶ የሚባል ተመራማሪ በ1975 ያወጣው ሞዴል አለ፣ ተማሪው በትምህርቱም በማህበራዊ ኑሮውም ከግቢው ጋ ሲዋሃድ ይቆያል፣ ካልተዋሃደ ይሄዳል የሚል፣ ከዛ በኋላ የመጣ ጥናት ሁሉ ወይ ይከተለዋል ወይ ይሟገተዋል። ዊሊያም ቲየርኒ በ1992 ተነስቶ ቆይ፣ መዋሃድ ማለት እኮ ከሌላ ባህል ለመጣ ልጅ የራሱን ጥሎ የግቢውን ማንሳት ማለት ይሆናል ብሎ ሞገተ። በ1994 ደሞ ላውራ ሬንዶን መጣች፣ እኔ ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው፣ የምትለው በአጭሩ ራሱን የሚጠራጠር ተማሪ ራሱ ታግሎ እንዲዋሃድ ከመጠበቅ ተቋሙ ቀድሞ እጁን ይዘርጋለት፣ መምህሩም ሆነ ሌላ ሰው ትችላለህ፣ እዚህ ቦታ አለህ ይበለው ነው። ይሄንን ባነበብኩ በሳምንቱ ለቴሲሴ ኢንተርቪው ሳደርግ አንዲት የሁለተኛ አመት ተማሪ ምን አለችኝ፣ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ስሜን የጠራ መምህር አልነበረም፣ ልሄድ ወስኜ ነበር፣ ከዛ አሳይመንቴ ሲመለስልኝ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ «ይሄን ሀሳብ ቀጥይበት» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ነበር፣ አውጥታ አሳየችኝ፣ ማጠፊያው ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ሁለት መስመር የማትሞላ ጽሁፍ ናት። ሬንዶንን ባላነብ ኖሮ ያችን ወረቀት እንደ ዳታ አላያትም ነበር፣ ደስ ይላል ብዬ ነበር የማልፋት።

አሁን ሰው ብዙ ስለማያውቀው ክፍል ላውራ። የኤሪክ መዝገቦች ሁለት አይነት ቁጥር አላቸው፣ በኢጄ (EJ) የሚጀምሩት የጆርናል አርቲክሎች ናቸው፣ በኢዲ (ED) የሚጀምሩት ደሞ የቀሩት፣ ሪፖርት፣ ኮንፈረንስ ላይ የቀረበ ወረቀት፣ መመሪያ ምናምን። ሁሉም ሰው ኢጄው ላይ ነው የሚሮጠው። እኔ ግን ወርቁ ያለው ኢዲው ውስጥ ነው እላለሁ። ጆርናል ላይ የተማሪው ንግግር ተቆርጦ ሁለት መስመር ነው የሚቀረው፣ ቦታ የለማ፣ ኮንፈረንስ ወረቀቱ ላይ ግን ልጁ ያለው ሙሉ አንቀጽ ሆኖ የምታገኙበት ጊዜ አለ። ማስተማር ላይ ለምትሰሩም ሁሌ የሚጠቀሱት የቺከሪንግና የጋምሰን የ1987ቱ ሰባት መርሆዎች እዚያው በነጻ አሉ፣ ኢዲ 282491 ብላችሁ ብቻ ፈልጉ። ጥቂት ገጽ ነው፣ ተማሪና መምህር ይገናኙ፣ ተማሪዎች ተባብረው ይስሩ፣ ቶሎ ግብረ መልስ ይሰጥ፣ ከተማሪው ብዙ ይጠበቅ እያለ የሚሄድ። አክቲቭ ለርኒንግ (ተማሪው ዝም ብሎ ከመስማት ራሱ እየሰራ የሚማርበት) የሚለውን ነገር ከስሩ ለማየት ደሞ የቦንዌልና የአይሰን የ1991 ሪፖርት አለ፣ ኢዲ 336049። ሰው ሲጠቅሰው ስንት ጊዜ አይቼ ዋናውን ያነበብኩት ገና አምና ነው፣ እና ሲጠቀስ ከምንሰማው በጣም የተሻለ ጥንቃቄ ያለው ጽሁፍ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የድሮዎቹ አብስትራክቶች መጨረሻ ላይ በቅንፍ ሁለት ወይ ሶስት ፊደል ታያላችሁ። ያንን ወረቀት አንብቦ ያሳጠረው ሰው የስሙ መነሻ ነው። እስከ 2003 መጨረሻ ድረስ ኤሪክ በየዘርፉ የተከፋፈሉ 16 ማዕከላት ነበሩት፣ የከፍተኛ ትምህርቱ ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነበር፣ እና እዛ ሰዎች ቁጭ ብለው እያነበቡ ነበር የሚጽፉት። አብስትራክቱ ጥሩ ከሆነ ያችን ፊደል ሳያት ምስጋና ይሰማኛል፣ ማንነቱን ባላውቅም።

ወደ ችግሮቹ ልሂድ። ትልቁ፣ ሁሉም ነገር ሙሉ ጽሁፉ የለም። የኢጄዎቹ አብዛኞቹ አብስትራክት ብቻ ናቸው፣ ከዛ ወደ አሳታሚው ሊንክ ይወስዳችኋል፣ እዛ ደግሞ ክፈሉ ነው። «ፉል ቴክስት» የሚለውን ማጣሪያ መጫን ትችላላችሁ፣ ግን ለሊትሬቸር ሪቪው (ቀድሞ የተሰሩ ጥናቶችን ለመዳሰስ) እሱን ብቻ ከተጠቀማችሁ የምታነቡት በነጻ የተገኘውን እንጂ ጠቃሚውን አይደለም። የድሮዎቹ ኢዲዎች ስካን ናቸው፣ በታይፕራይተር የተጻፉ፣ አንዳንዱ ደብዝዞ መስመሩ አይለይም፣ አይን ያደክማል። በ2012 ደሞ የሰዎች የግል መረጃ ያለባቸው ዶክመንቶች ስለተገኙ ፒዲኤፎቹን ዘግተው ቀስ በቀስ እያጣሩ ነበር የመለሷቸው።

ሁለተኛው ወጥመድ ነው፣ እባካችሁ ልብ በሉ። አድቫይዘር ሁሉ «ፒር ሪቪውድ ብቻ አምጣ» ይላል፣ ከመውጣቱ በፊት ሌሎች የዘርፉ ምሁራን የገመገሙትን ማለት ነው፣ እናንተም ያችን ሳጥን ቲክ ታደርጋላችሁ። ግን ኤሪክ አንድ ጽሁፍ ፒር ሪቪውድ ነው አይደለም የሚለውን መመዝገብ የጀመረው ከ2004 ወዲህ ላሉት ነው። ስለዚ ሳጥኗን ስትነኩ የ1975ቱ ቲንቶ የ1994ቷ ሬንዶን በሙሉ ድራሻቸው ይጠፋል፣ እናንተም ዘርፉ በ2004 የተጀመረ ይመስላችኋል። እኔ ሁለት ጊዜ ነው የምፈልገው፣ አንዴ በሳጥኗ አንዴ ያለሷ አመተ ምህረቱን ወደኋላ ወስጄ።

ሶስተኛ፣ ማን ማንን ጠቀሰ የሚለውን አያሳይም። ቲንቶን ማን ተቃወመው ብላችሁ ወደፊት ለመከተል ጎግል ስኮላር መሄድ ግድ ነው። በተለይ ማንነት ላይ ለምትሰሩ ብዙው ነገር የሳይኮሎጂና የሶሺዮሎጂ ጆርናል ላይ ነው ያለው፣ አንዳንዱም ከነጭራሹ አጠቃላይ ሳይንስ መጽሄት ላይ ነው። ዋልተንና ኮሄን በ2011 ያወጡት ጥናት ለምሳሌ ሳይንስ መጽሄት ላይ ነው የወጣው፣ አዲስ ተማሪዎች «እዚህ ቦታ አልመጥንም» የሚለው ስጋት ሁሉም ዘንድ ያለና የሚያልፍ መሆኑን ከነባር ተማሪዎች ምስክርነት እንዲያነቡና በራሳቸው ቃል እንዲጽፉት አደረጉ፣ አንድ ሰአት የምታህል ነገር ናት፣ ከሶስት አመት በኋላ የጥቁር አሜሪካዊ ተማሪዎች ውጤት ከነጮቹ ጋ የነበረው ልዩነት በግማሽ ጠቦ ተገኘ። የፍሪማንና ባልደረቦቹ የ2014ቱም እንደዛው ነው፣ የሳይንስ፣ የሂሳብና የምህንድስና ኮርሶች ላይ የተሰሩ 225 ጥናቶች ሰብስበው ሌክቸር ብቻ የሚሰጥበት ክላስ ውስጥ ያለ ተማሪ የመውደቅ እድሉ 1.5 እጥፍ እንደሆነ ያሳዩበት፣ እሱም የወጣው የአሜሪካ ሳይንስ አካዳሚ ጆርናል ላይ ነው። ኤሪክ ላይ ብቻ ተደግፎ የተጻፈ ሪቪው እንዲህ አይነቱን ሊያመልጠው ይችላል።

አራተኛ፣ የአሜሪካ መልኩ ብዙ ነው። ሌላ አገር ላይ የተሰራም አለው፣ በቦታ ማጣራትም ይቻላል፣ ግን ሚዛኑ ወደዛ ያደላል። ጽንሰ ሀሳቡን ስትወስዱ ትርጉሙን አብራችሁ እዩ፣ «ፈርስት ጄነሬሽን» የሚለው ራሱ አንዱ ጥናት ላይ ወላጆቹ ኮሌጅ ያልረገጡ ማለት ነው፣ ሌላው ላይ ረግጠውም ዲግሪ ያልያዙ ሁሉ ይገባሉ፣ ሁለቱን ደባልቃችሁ ብታወዳድሩ ውጤቱ ትርጉም አይሰጥም። በ2025 ደሞ የአሜሪካ መንግስት በጀት ሲቆርጥ የኤሪክም ነገር አስግቶ ነበር፣ ስለዚ አዳዲስ ጥናት በሱ ብቻ እከታተላለሁ አትበሉ፣ የምትፈልጓቸውን ኢዲዎች አሁኑኑ ዳውንሎድ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ሌላ የምወድለት ጥቅም፣ ማጣሪያ ይሆነኛል። ቻትቦት ጠይቀው የሌለ ጥናት፣ የሌለ ደራሲ ጠቅሰው የሚመጡ ተማሪዎች በዝተዋል፣ እኔ ርዕሱን ኤሪክ ላይ እከተዋለሁ። እዛ አለመኖሩ ብቻውን የለም ማለት ባይሆንም ካለ ግን ቁጥሩ፣ አመቱ፣ ጆርናሉ ቁልጭ ብሎ ይመጣል፣ ልጁም ከዛ ወዲህ ቁጥሩን ጽፎ ነው የሚያመጣልኝ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ሙሉ ጽሁፍ ስለሚጎድለውና ማን ማንን እንደጠቀሰ ስለማያሳይ ነው። ለምትጀምሩት የምለው፣ መጀመሪያ ቀን ምንም አታውርዱ፣ ቴሶረሱን ከፍታችሁ የራሳችሁን ርዕስ ቃላት ፈልጉ፣ ከስሩም ከጎኑም የተዘረዘሩትን ዘመድ ቃላት ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ሁለተኛ ቀን ፍለጋውን ጀምሩ። እኔ አሁን እየተመላለሱ የሚማሩ ተማሪዎች ላይ የተጻፉትን የ1980ዎቹን ኢዲዎች እያነበብኩ ነው፣ ትናንት ማታ ያገኘሁት አንዱ ስካን በጣም ደብዛዛ ነው ግን ተማሪዎቹ በሁለት ክላስ መሃል ያለውን ሰአት የት እንደሚያሳልፉ በዝርዝር የጠየቀ ነው፣ ዛሬ ልጨርሰው ነው።