ድሬ ላይ መኪና ለምታሠሩ ዳያስፖራዎች

ቤተሰብ ልጠይቅ ድሬዳዋ ከርሜ ነበር። አሁን የሚያቃጥለኝ የፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሽ የሚያያይዘውና የሚለየው ክፍል) ነገር ነው።

የእህቴ መኪና ገና 20 ሺህ ኪሎ ሜትር አልሞላችም። ወደ ሐረር ስንወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ግን አትጎትትም። ያረረ ነገር ይሸታል። ፍሪሲዮኑ እንደሚያንሸራትት ግልጽ ነው። በዚህ ዕድሜዋ ለምን?

መጀመሪያ የገባንበት ጋራዥ ይህን ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረውም። ገና ሳይፈቱ "ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ይዛችሁ እየቆማችሁ አቃጠላችሁት" አሉን። እህቴ በገነች፤ ዳገት ላይ የእጅ ፍሬን ሳትይዝ ቆማ አታውቅም። ዋጋ ጠሩ፣ ተስማማን። ከዚያ "ነገ" መጣ። ጠዋት ስንሄድ እቃው ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው። ከሰዓት ስንሄድ ሠራተኛው በርጫ ላይ ነው። በነገ በነገ የእረፍቴ ግማሽ አለቀ። በመጨረሻ ሒሳቡ እጥፍ ሆኖ ቁጭ አለ። "ዶላር ጨምሯል" ተባልኩ፤ ከኔ በላይ ስለ ዶላር የሚያውቁ! አሮጌውን የፍሪሲዮን ዲስክ አሳዩኝ ስል ተጥሏል። ቶሮንቶ ሜካኒክ የፈታውን እቃ ልመልስልህ ወይ ብሎ እንዲጠይቅ ሕግ ያስገድደዋል። እዚህ ግን "አቦ አታካብድ" ነው መልሱ።

ብዙም ሳትነዳ ያው ማንሸራተት ተመለሰ።

ሰው ጠቁሞን ሳቢያን በኩል ምድር ባቡር ያገለገሉ አንድ ሽማግሌ ጋ ሄድን። ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) አስወርደው ዲስኩን አወጡት። ዲስኩ ላይ ያለው መያዣ ሸራ ገና ወፍራም ነው፣ ግን በዘይት ርሷል። ጋሼ በጣታቸው ነክተው አሸተቱት፤ ለኔም አፍንጫዬ ሥር አመጡልኝ። የሚሰነፍጥ፣ ድኝ ድኝ የሚል ሽታ። "የካምቢዮ ዘይት ነው ልጄ፣ የሞተር እንዲህ አይሸትም።" ካምቢዮው ዘንግ ላይ ያለችው፣ ዘይት እንዳይወጣ የምታግደው ፓራኦሊዮ ታፈሳለች። ዘይት የነካው ሸራ አይዝም፤ ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ያርራል። "እሷን ሳትቀይር አሥር ዲስክ ብታስገባ ትበላዋለች" አሉኝ። ዲስኩን አጥበን እንመልሰው ብላቸው ሳቁብኝ፤ ዘይቱ ሸራው ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ዲስክ ድጋሚ ገዛሁ። ፓራኦሊዮዋ ግን ዋጋዋ ከቁጥር አይገባም፤ አንድ የጎማ ቀለበት ናት። ቮላኖውን (ዲስኩ የሚጫንበትን የሞተር ብረት) አጽድተው በዚያው ቀን ገጠሙ። ያስከፈሉኝም እህቴን የሚያስከፍሏትን ያህል ነው።

ካምቢዮ ሲወርድ እዛው ቁሙ። "ተበልቷል" ሲሏችሁ ደረቅ ነው ወይስ ዘይት ነክቶታል በሉ። የርሰውን ዲስክ ፎቶ ለመጀመሪያው ጋራዥ ልኬለታለሁ። አይቶታል፤ እስካሁን መልስ የለም።