አዳማ ላይ «ኮር አይ 7 ስላሽ» ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ስላሽ፣ ማለትም ያገለገለ ላፕቶፕ የምትፈልጉ የአዳማ ልጆች፣ በተለይ ኦቶካድና ፕሮግራሚንግ የሚጠብቃችሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ቴሌግራም ላይ «ኮር አይ 7፣ 8 ራም፣ 512 ኤስኤስዲ፣ እሳት የሆነ» ተብሎ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ስለ ማሽኑ ፍጥነት የሚነግራችሁ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚበላው «አይ 7» በሚለው የፕሮሰሰሩ (የማሽኑ አንጎል) ስም ነው። መታየት ያለበት ግን ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ነው። 7500ዩ ካለ 7ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ)፣ 8250ዩ ካለ 8ኛ ጀነሬሽን ነው። መጨረሻቸው «ዩ» የሆኑት የኢንቴል አይ 7ቶች እስከ 7ኛው ጀነሬሽን ድረስ 2 ኮር (ሥራውን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል) ብቻ ነበራቸው፤ ወደ 4 ኮር ያደጉት እ.ኤ.አ. በ2017 በ8ኛው ነው። ስለዚህ አይ 5-8250ዩ ያለው ላፕቶፕ ብዙ ነገር አብሮ ሲከፈትበት አይ 7-7500ዩን በግልጽ ይበልጠዋል። ነገር ግን ዋጋ የሚቆለለው በአይ 7ቱ ላይ ነው። በዚያ ላይ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው የኢንቴል ፕሮሰሰር በጥቅሉ ከ8ኛው ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። 7ኛና ከዚያ በታች የሆነን ማሽን በ8ኛ ዋጋ መግዛት ኪሳራ ነው።

«ፕሮፐርቲስ ላይ አይ 7 ይላል» ቢሏችሁም አትመኑ። ያ ጽሑፍ ሬጅስትሪ (ዊንዶውስ ቅንብሩን የሚያስቀምጥበት ቦታ) ውስጥ ገብቶ ይቀየራል። ማሽኑ ሲነሳ ትክክለኛው ስም ይመለሳል፣ ግን በየጊዜው ውሸቱን መልሶ የሚጽፍ ትንሽ ስክሪፕት ስታርታፕ (ማሽኑ ሲነሳ አብረው የሚከፈቱ ፕሮግራሞች) ላይ ይቀመጥለታል። መፍትሔው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ የራሱ ፕሮግራም) መግባት ነው፤ ማሽኑ እየተነሳ ዴል ከሆነ ኤፍ 2፣ ኤች ፒ ከሆነ ኤፍ 10 ይጫናል። ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን የፕሮሰሰር መመርመሪያ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ መሄድም ጥሩ ነው፣ ኮሩን ስለሚቆጥርላችሁ። ለጌም ተብሎ የሚሸጥ ዴስክቶፕ ከሆነ የግራፊክስ ካርዱን የሚመረምረውን ጂፒዩ-ዚን ጨምሩ። አሮጌ ካርድ ባዮሱ ተቀይሮ በጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ስም ይሸጣል፤ ጂፒዩ-ዚ ብዙዎቹን ይለያቸውና ስማቸው ፊት «ፌክ» ብሎ ይጽፍባቸዋል።

ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕን አብራችሁ ተጫኑና በሚመጣው ታስክ ማናጀር ላይ ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፈቱ። ዲስኩ ላይ ኤችዲዲ (ዘገምተኛው ሃርድ ዲስክ) ካለ «ኤስኤስዲ ነው» የተባለው ውሸት ነው። ሜሞሪው ላይ ስንት ስሎት (የራም መሰኪያ) እንደተያዘ ተመልከቱ። ከ2 ስሎት 1 ብቻ ከተያዘ ራሙ በሲንግል ቻናል (በአንድ መስመር ብቻ) ነው የሚሠራው፣ ግራፊክሱም ይጎተታል። ይሄ ግን ሌላ ራም በመጨመር ይስተካከላል። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደና ትርፍ ስሎት የሌለው ከሆነ ግን 4 ጊጋ እንደ 4 ጊጋ ይቀራል።

የዲስኩን ጤና ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ፕሮግራም ያሳያል። የበራበትን ሰዓት እዩ፤ 30,000 ሰዓት ማለት ሳይጠፋ ከ3 ዓመት በላይ የሠራ ማለት ነው። ሃርድ ዲስክ ከሆነ የተበላሹና የተጠረጠሩ የዲስኩን ክፍሎች የሚቆጥሩት 05 እና ሲ5 የሚሉት መስመሮች «ራው ቫልዩስ» በሚለው አምድ ሥር ዜሮ ካልሆኑ ዋጋ አትደራደሩበት፣ ተዉት።

ሱቅ ውስጥ 5 ደቂቃ አይቶ መክፈል የአዳማን ሙቀት መርሳት ነው። አቧራ የጠጣ ፋንና የደረቀ ፔስት (ፕሮሰሰሩን ከማቀዝቀዣው የሚያገናኘው ቅባት) ያለው ማሽን መጀመሪያ ላይ ይበርራል፣ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከባድ ሥራ ከፍታችሁ 15 ደቂቃ አቆዩትና እዚያው ፐርፎርማንስ ላይ ስፒዱን ተከታተሉ። «ቤዝ ስፒድ» ከሚለው ቁጥር በታች ወርዶ ከቀረ ሙቀቱን አልቻለም ማለት ነው። ፈተናው ከነቻርጀሩ ይሁን፤ ዴል ቻርጀሩን ካላወቀው ባትሪ አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩንም ሆን ብሎ ያዘገየዋል። ጥፋቱ የኮፒ ቻርጀሩ ሆኖ ሳለ ማሽኑ ተበላሸ ተብሎ ለጥገና የሚከፈለው ብር ያሳዝናል።

ሻጩ እነዚህን ለማየት ጊዜ ካልሰጣችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ከተስማማችሁ ደግሞ ደረሰኙ ላይ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥር፣ የራሙና የዲስኩ መጠን፣ የማሽኑ ሴሪያል ቁጥርና የዋስትናው ቀን ይጻፍ። «ላፕቶፕ ኮር አይ 7» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ደረሰኝ ይዞ ተመልሶ መከራከር አይቻልም።